ለ«ሲልቨር» ቤት የሚመታ የእንግሊዝኛ ቃል አለ?

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 5ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ስለምትኖርበት ከተማ የአራት መስመር ግጥም ጽፋ እንድትመጣ ታዘዘች። መስመሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሙሉ ራይም (እንግሊዞቹ ቤት መምታትን የሚሉት) እንዲኖራቸው ተነግሯታል። የመጀመሪያው መስመሯ «ሲልቨር» ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲያ መሄድ አቃታት።

እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን ሳላስቀምጥ «ሪቨር» በያ አልኳት። ወንዝ አለን፣ ከተማው አጠገብ ነው፣ ለግጥሙም ይስማማል። ሁለቱም «ቨር» ላይ ነው የሚያልቁት። እኔ ተማሪ ቤት ግጥም ስጽፍ መምህራችን የሚያዩት የመጨረሻዋን ፊደል ነበር። እሷ ከገጠመች ቤት መታ ማለት ነው፣ አለቀ።

ወረቀቱ ሲመለስ «ሪቨር» በእርሳስ ተከብቧል። ጎኑ ላይ መምህሯ ጥሩ ኒር ራይም (ለሙሉ የቀረበ ራይም) ነው፣ ሙሉ ራይም ግን አይደለም የሚል ማስታወሻ ጽፋለች። እንደገና እንድትሞክር አንድ ሳምንት ተሰጣት። ልጄ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ዝም ብላ አየችኝ። በጣም ተሰማኝ። የነገርኳት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው። ሪቨር እና ሲልቨር ለምን ሙሉ ራይም አይሆኑም? ለሲልቨር ሙሉ ራይም የሚሆን ቃል አለ? ለማንኛውም የእንግሊዝኛ ቃልስ እንዴት ነው የሚፈለገው?

(ከጥቂት ቀን በኋላ የጨመርኩት፦ መልሶቹ ስለበዙ በኋላ ለሚመጣ እንዲመች በየቁጥራቸው አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫቸዋለሁ። የእያንዳንዱን ሰው ሐሳብ በራሴ አነጋገር ነው የጻፍኩት። ያዛባሁት ካለ አርሙኝ።)

1ኛው መልስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው የደረሰው። አንድ ወንድም «ኩዊክሲልቨር» በላት አለኝ። የሜርኩሪ የድሮ ስሙ ነው። ደስ ብሎኝ ልጄን ጠርቼ ነበር።

2ኛው መልስ ወዲያው አስቆመን። ኩዊክሲልቨር ውስጥ ያለው ያው ሲልቨር ነው። ቃልን ከራሱ ጋር ማጋባት በእንግሊዝኛ ራይም አይባልም። ድምፃቸው ፈጽሞ አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ቃላት እንኳ፣ ለምሳሌ ማየት የሚባለው «ሳይት» እና ቦታ የሚባለው «ሳይት»፣ እንደ ሙሉ ራይም አይቆጠሩም። ጆሮ መመሳሰልንም መለየትንም አንድ ላይ ነው የሚፈልገው አለ። ይቺን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

3ኛው መልስ የዚህ ሁሉ ውይይት እምብርት ነው። የጻፈችው አዲስ አበባ እንግሊዝኛ የምታስተምር እህት ናት። ከአንድ ቀለም (እንደ «ሲል» እና «ቨር» ያለ የቃል ክፍል) በላይ በሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ከሌላው ይልቅ ጫን ተብሎ የሚነገር ቦታ አለ አለች። ሲልቨር ላይ ጫን የሚባለው መጀመሪያው፣ «ሲል» የሚለው ነው። «ቨር» ቀለል ብሎ ነው የሚያልፈው። ሙሉ ራይም የሚባለው ጫን ከተባለው አናባቢ ጀምሮ እስከ ቃሉ ጫፍ ያለው ድምፅ ሁሉ አንድ ሲሆን ነው። ከአናባቢው በፊት ያለው ተነባቢ ደግሞ መለየት አለበት። እንግዲህ ለሲልቨር የሚያስፈልገን «ቨር» ብቻ አይደለም፣ «ኢልቨር» ሙሉው ነው። ሪቨር የሚያመጣልን «ኢቨር» ነው። ልጄን ያስቀጣት የአንዲት ል መጉደል ነው ማለት ነው።

ከዚያ ያቀረበችው ምሳሌ ግን ለእኔ ከደንቡ በላይ ሠራልኝ። ቡና፣ ጤና፣ ጉና የሚሉትን ቃላት ውሰድ አለች። በእኛ ጆሮ ቡና እና ጤና ቤት ይመታሉ። ሁለቱም ና ላይ ነው የሚያርፉት። በእንግሊዝኛው ደንብ ስንለካቸው ግን አንዱ «ኡና» ሌላው «ኤና» ስለሆነ ይወድቃሉ። ቡና እና ጉና በሁለቱም ደንብ ያልፋሉ፤ «ኡና»ው ሙሉ ነው፣ ከፊቱ ያለው ብቻ ተለየ። ማታ ለልጄ ይህንኑ ነገርኳት። ጉና ደቡብ ጎንደር ያለ ትልቅ ተራራ መሆኑን ከነገርኳት በኋላ ሦስቱን ቃላት ደጋግማ አለቻቸው። ቡና ጤና ስትል ፊቷ ላይ ምንም የለም። ቡና ጉና ስትል ፈገግ አለች። የእሷ ጆሮ የሚሰማው ሌላ ቦታ ላይ እንደሆነ ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት። ማን ይበልጣል የሚባል ነገር አይደለም። እኛ ቃሉ ሲያልቅ እንሰማለን፣ እሷ ቃሉ ሲጫን ትሰማለች።

4ኛው መልስ ላይ ድምፁ ትንሽ ጠንከር አለ። ግጥም እንደሚጽፍ የነገረን ሰው ነው። የአዲስ አበባዋ መምህርት አማርኛን ዝቅ አድርጋለች ብሎ ነው የጀመረው። ጎበዝ ገጣሚ የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ቆሞ አይቀርም አለ። በተለይ ቃሉ በሳድስ ሲያልቅ። ቤት እና ድመት ሁለቱም ት ላይ ያልቃሉ፣ ግን ማን ነው ይህንን ቤት መታ ብሎ የሚደሰት? ቤት እና መሬት ሲሆን ግን «ኤት» ሙሉው ስለገጠመ ይጣፍጣል። ስለዚህ አማርኛም ሙሉ እና ጎዶሎ አለው ባይ ነው። እውነቱን ለመናገር ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የተናገረበት መንገድ ግን ለመምህርቷ አይገባትም ነበር።

5ኛው መልስ ከክርክሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቨርጂኒያ ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ነው፣ ጋሼ ብሎኝ ጀመረ። ኮምፒውተር ራይም የሚፈልገው በፊደል አይደለም፣ በድምፅ ነው አለኝ። ፒትስበርግ ያለው ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ማንም በነፃ የሚወስደው የአነጋገር መዝገብ አለ። ከ134,000 በላይ ቃላት ይዟል። እያንዳንዱ ቃል በ39 የአሜሪካ እንግሊዝኛ ድምፆች ተበታትኖ ነው የተጻፈው። አናባቢዎቹ ጎን ቁጥር አለ። 1 ማለት ዋናው ጫና እዚህ ነው፣ 2 ማለት ትንሽ ጫና አለ፣ 0 ማለት የለም። ፕሮግራሙ 1 ያለበትን አናባቢ ያገኝና ከእሱ እስከ ጫፍ ያለውን ቆርጦ ይወስዳል። ከዚያ ያንኑ ቁራጭ የያዙ ቃላትን ሁሉ ይሰበስባል። መምህርቷ በቡና እና በጉና ያስረዳችው ደንብ ማሽን ውስጥ ሲገባ ይኸው ነው። ሲልቨርን ራሱ ሞክሮት የተለመደ ቃል አላገኘም። ሪቨርን ጎን ለጎን ሲያስቀምጠው የሚጎድለው አንድ ድምፅ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ይታያል አለ።

6ኛው የመምህርቷ መልስ ነው። 4ኛውን ሰው አመሰገነችው። ቤት እና መሬትን ለተማሪዎቿ እንደምትወስደው ነገረችው። ማቃለል አስባ እንዳልጻፈች ጨምራ፣ ነገሩን በሁለት መስመር ዘጋችው። እንዲህ ያለ ትህትና በዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

7ኛው መልስ የመጣው መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ከሚወድ ሰው ነው። ለሲልቨር ሙሉ ራይም አለ አለን። ቃሉ «ቺልቨር» ነው። ሴት የበግ ግልገል ማለት ነው፣ የእንግሊዝ ገጠር የድሮ ቃል። ሰው ራይም የላቸውም የሚላቸውን ሌሎች ቃላትንም ዘረዘረልን። ሐምራዊ ለሚባለው «ፐርፕል» ማነከስ የሚባለው «ኸርፕል» አለ፣ የፈረስ መቀመጫ የሚባለው «ከርፕል»ም አለ። ለ«ኦሬንጅ» ዌልስ ውስጥ «ብሎሬንጅ» የሚባል ተራራ አለ። ወር ለሚባለው «ማንዝ» ግን እስካሁን የሚያረካ ነገር እንዳላገኘ ነገረን።

8ኛው መልስ ደግሞ አጭርና ቆጣ ያለ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ቺልቨር ብላ ብትጽፍ ማን ይረዳታል? አስተማሪዋም መዝገበ ቃላት ልትገልጥ ነው። ቃል ራይም ስላደረገ ብቻ ግጥም ውስጥ አይገባም፣ መስመሩ ላይ ሥራ ሊኖረው ይገባል አለ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል በግ አናረባም።

9ኛውን መልስ ሚኒሶታ ያለ ራፕ የሚጽፍ ወጣት ነው የላከው። ይህ ልጅ ኒር ራይም ማለት የወደቀ ራይም አይደለም ብሎ ነው የተነሳው። ለእሱ ዋናው ጥያቄ የትኛውን ድምፅ ጠብቀህ የትኛውን ለቀቅክ የሚለው ነው። ለሲልቨር ሦስት መንገድ አሳየኝ። አንደኛው ል ብቻ ወጥታ ሌላው ሁሉ ሲቀር ነው፦ ሪቨር፣ ሺቨር፣ ዲሊቨር። ሁለተኛው «ኢል» ተጠብቆ ቭ ስትለወጥ፦ ፊልተር፣ ቢልደር። ሦስተኛው ተነባቢዎቹ ሁሉ ባሉበት ቀርተው አናባቢው ሲለወጥ፦ ሶልቨር፣ ሪቮልቨር፣ እንዲሁም የእባብ ዓሣ ጫጩት የሚባለው ኤልቨር። ጮክ ብለህ በላቸው፣ የትኛው ለሲልቨር እንደሚቀርብ ጆሮህ ይነግርሃል አለ። ልጄ ሦስቱንም ክፍል አነበበቻቸውና ለእሷ የሚቀርበው ቢልደር እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ አሁንም ሪቨር ነው የምለው። ይህ ልዩነታችን ራሱ ደስ ብሎኛል።

ሁለት ቃል አንድ ላይ አድርጎ ራይም መሥራትም እንደሚቻል የነገረን እሱ ነው። አሁንም ነው የሚለው «ስቲል» እና እሷን የሚለው «ኸር» ሲፋጠኑ «ስቲለር» ይሆናሉ። ቭ የለችም፣ ግን በዜማ ላይ ማንም አይጠይቅም። ራፕ ውስጥ ይህ የዕለት እንጀራ ነው አለ።

10ኛው መልስ አንድ ዘዴ አመጣ፣ እውነትም ማራኪ ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ስለሚያታልል ቃሉን መጀመሪያ በእኛ ፊደል ጻፈው አለ። በኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚያልቁትን ውሰድ። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ወንድማማች ይመስላሉ። በእኛ ፊደል ግን ጠንካራ የሚባለው «ታፍ»፣ ሳል የሚባለው «ኮፍ»፣ ሊጥ የሚባለው «ዶው»፣ በኩል የሚባለው «ስሩ» ነው። አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም። ታፍ የሚገጥመው አጻጻፉ ፈጽሞ ከማይመስለው «ስታፍ» ጋር ነው፣ ዕቃ ከሚባለው። በተመሳሳይ «ላቭ» እና «ሙቭ» በእንግሊዝኛ መጨረሻቸው አንድ ዓይነት ይጻፋል፣ ድምፃቸው ግን ተለያይቷል። እንዲህ ያሉትን እንግሊዞቹ የዓይን ራይም ይሏቸዋል። በድሮ ግጥሞች ብዙ አሉ፣ ምክንያቱም ከ400 ዓመት በፊት ድምፃቸው የበለጠ ይቀራረብ ነበር።

11ኛው መልስ ይህንን ዘዴ አፈረሰው። ተናጋሪው ለዘብ አላለም። ይህ ምክር ልጆቻችንን ያሳስታል አለ። ፊደላችን ለአማርኛ ድምፅ የተሠራ ነው፣ የእንግሊዝኛን አናባቢ ሁሉ አይሸከምም። ተቀመጥ የሚባለውና መቀመጫ የሚባለው ሁለቱም በእኛ ፊደል «ሲት» ናቸው። መርከብም በግም «ሺፕ» ናቸው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን አንዱ አጭር፣ ሌላው ረዘም ያለ የተለየ አናባቢ ነው፣ ራይም አይሆኑም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሪቨር እና ትኩሳት የሚባለው ፊቨርን በፊደል ጽፈህ ብታያቸው ሙሉ ራይም ይመስሉሃል፣ ልጅህን ጠይቃት አለኝ።

ጠየቅኳት። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሁለቱን ቃላት እየደጋገመች አለቻቸው። እኔ ምንም ልዩነት አልሰማሁም። አምስት ጊዜ ካለችው በኋላ ከንፈሯን እንድመለከት ነገረችኝ። ፊቨር ስትል ከንፈሯ ወደ ጎን ይሳባል፣ ፈገግታ የጀመረች ይመስላል። ሪቨር ስትል ላላ ብሎ ይቀራል። በጆሮዬ ያልያዝኩትን በዓይኔ ያዝኩት። 20 ዓመት እዚህ አገር ኖሬያለሁ። እናቴ ሶፋው ላይ ሆና ትሰማን ነበር። እሷ የምትኖርበትን ከተማ «ሲልበር» ነው የምትለው፣ ወንዙንም «ሪበር»። ቨ ቀድሞ በአማርኛ ያልነበረ ድምፅ ነው፣ ፊደሉም ከበ ላይ ምልክት ተጨምሮበት የተበጀ ነው። ለእሷ ሁለቱ ቃላት «በር» ላይ ነው የሚያርፉት። ጠየቅኳት፣ ቤት ይመታል አለችኝ፣ ያለ ምንም ጥርጥር።

እናም ሁለቱም ሰዎች የሚሉት አላቸው ብዬ ጻፍኩ። በፊደል መጻፍ የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ወጥመድ ያሳያል። የአናባቢውን ወጥመድ ግን ይደብቃል። መጨረሻ ላይ ቃሉን የሚናገር ሰው አፍ መስማት ግድ ነው።

ከ12ኛ እስከ 14ኛ ያሉት መልሶች ወደ አነጋገር ተንሸራተቱ። ለንደን ያለች እህት እነሱ ዘንድ መጨረሻ ላይ ያለች ር አትሰማም፣ ሲልቨር «ሲልቫ» ነው አለች። ጎህ የሚባለው «ዶን» እና ተወለደ የሚባለው «ቦን» ለንደን ውስጥ ሙሉ ራይም ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ር ስለምትሰማ «ቦርን» ይሆንና ይለያያሉ። አትላንታ ያለ ወንድም ደግሞ ጎረቤቶቹ መርፌ ቁልፍ የሚባለውን «ፒን» እና እስክሪብቶ የሚባለውን «ፔን» አንድ ዓይነት ነው የሚሏቸው፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ የተለመደ ነው አለ። ሲያትል ያለው ሦስተኛው ሙቅ የሚባለው «ሆት» እና አስተማረ የሚባለው «ቶት» እነሱ ጋ ያለ ችግር ይገጥማሉ አለ። ሌላ ቦታ ብዙ ሰው አናባቢያቸውን ይለያል። ያኔ ገባኝ። የእንግሊዝኛ ሙሉ ራይም የት አገር፣ በማን አፍ የሚል ጥያቄ ተከትሎት ይመጣል። ለልጄ የሚሠራው የክፍሏ ጆሮ ነው።

15ኛው መልስ ላይ ውይይቱ ተናወጠ። ስሙን ያልገለጸ ሰው ነው። ልጅህ ሀ ሁ ሳትለይ አንተ ለፈረንጅ ራይም ትጨነቃለህ አለኝ። ቡና እና ጉናን በእንግሊዝኛ ደንብ መለካት ራሱ ያሳፍራል ብሎ ጨመረ። ለአንድ ሰዓት ያህል መልስ መስጠት አልቻልኩም። ልጄ አማርኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን ገና ነው። የተናገረው ቦታውን ያገኘ ስለሆነ ነው ያመመኝ።

16ኛዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ቀድማኝ መለሰችለት፣ ቃሏም ስለታም ነበር። አባት ከልጁ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጦ ስለ ቤት መምታት ሲያወራ አማርኛውን እያስተማረ መሆኑ አይታይህም ወይ አለችው። ስለ ቤት መምታት በየቀኑ ከልጆቻችን ጋር የምናወራ ስንቶቻችን ነን ብላ ጠየቀች። ሰውየው ሁለተኛ አልጻፈም።

17ኛውን የጻፉት በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት የቆዩ አባት ናቸው። ውሃ አፈሰሱበት። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፣ ሁሉም በቃል ነው የሚቆጠረው፣ የሚደረሰው ማለት ነው፣ አሉን። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ በአፉ ይነግራል። ወረቀት የለም። ቤቱ መምታት አለመምታቱን የሚፈርደው የመምህሩ ጆሮ ነው። መምህሩ ካልጣማቸው ተማሪው ተመልሶ ይቆጥራል። የልጅህ መምህርም ያደረገችው ይህንኑ ነው፣ ሳትቆጣ አስቆጥራታለች አሉኝ። ከዚያ 2ኛውን መልስ አንስተው፣ ድምፁ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ሁለት የሆነ ቃል እኛ ዘንድ እንደማይጣል አስታወሱን። ሰምና ወርቁ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። እንግሊዞቹ «ሳይት» እና «ሳይት»ን ሲያስወጡ እኛ እናስገባለን ማለት ነው። ይህ መልስ ከሁሉ በላይ ምስጋና አግኝቷል።

18ኛው ከርዕሱ ወጣ፣ ግን በጎ መውጣት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ 30 ዓመት የኖረ ሰው የከተማዋ ስም ከየት እንደመጣ አስታወሰን። በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌየር የሚባል ሰው አካባቢው ላይ ምንጭ አገኘ። ውሃው ውስጥ የሚያብረቀርቁ ማይካ የሚባል ማዕድን ቅንጣቶች ነበሩ፣ ብር ይመስሉ ነበር። የብር ምንጭ የተባለው በዚያ ነው። ምንጩ የነበረበት ቦታ አሁን ትንሽ መናፈሻ ነው። እዚያ የኦክ ፍሬ የሚመስል ጣሪያ ያለው ዳስ ቆሟል። በመኪና በየቀኑ ነው አጠገቡ የማልፈው። ቅዳሜ ዕለት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ምንጭ የለም፣ ድንጋዩና ዳሱ ግን አሉ። ዳሱ ሥር ቆማ ደብተሯን አወጣች።

19ኛው መልስ የሁሉም መፍትሔ ሆነ። 3ኛዋ መምህርት ናት የተመለሰችው። እስኪ ልብ በሉ አለች፣ የከተማው ስም የሚያልቀው ሲልቨር ላይ አይደለም፣ ስፕሪንግ ላይ ነው። ለአስቸጋሪ ቃል ራይም ፍለጋ ከመሞት ቃሉን ወደ መስመሩ መሀል አስገቡት። ጫፉን ዘመድ ለበዛው ስጡት። ስፕሪንግ ዘመዱ ብዙ ነው፦ ሪንግ፣ ሲንግ፣ ኪንግ፣ ዊንግ፣ ብሪንግ። ሁላችንም ሲልቨር ላይ ተቸንክረን ይህን አላየንም።

20ኛው የእኔ ነው። ተደስቼ «ዎኪንግ» ብትልስ፣ ምንጩ ጋ በእግሯ ሄዳለች ብዬ ጻፍኩ።

21ኛው፣ ያው የሚኒሶታው ወጣት፣ በአክብሮት መለሰኝ። ዎኪንግ ላይ ጫናው «ዎ» ላይ ነው፣ «ኪንግ» ቀለል ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የዎኪንግ ሙሉ ራይም «ቶኪንግ» ነው። ስፕሪንግ ግን ባለ አንድ ቀለም ቃል ስለሆነ ሙሉ ጫናውን «ኢንግ» ላይ ይዟል። ኢንግ ስላለ ብቻ አይገጥሙም። ይኸው እንደገና ወደ መጨረሻዋ ፊደል ተመልሼ ነበር። ደንቡን በአእምሮዬ ይዤዋለሁ፣ ጆሮዬ ግን ገና እየተማረ ነው።

22ኛው መልስ ለመፈለጊያ መሣሪያ ለሚጨነቁ ይጠቅማል። ራይምዞን የሚባለው ድረ ገጽ ከ1996 ጀምሮ አለ። ቃሉን ስትጽፍለት ሙሉ ራይሞቹን በቀለማቸው ብዛት ከፍሎ ያመጣል፣ ኒር ራይሙን ለብቻው ያሳያል። ከኮምፒውተር በፊትም ሰው ይቸገር ነበር። ጆን ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ በ1775 ቃላትን ከመጨረሻ ፊደላቸው ወደ ፊት የደረደረ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። የእኔን የመጨረሻ ፊደል ፍለጋ ይመስላል፣ ግን እሱም አጻጻፉ ባታለለ ቁጥር ይሳሳታል ብሎ መላሹ አስጠነቀቀ። ከመሣሪያ የተገኘ ቃል ሁሉ ጮክ ተብሎ ይነበብ የሚለውን ምክሩን ሳልጨምር አላልፍም።

23ኛው የእኔ የመጨረሻ ወሬ ነው። ግጥሙ ትናንት ገብቷል። የመጀመሪያው መስመር ስፕሪንግ ላይ አለቀ፣ ሲልቨር ከፊቱ ቆሟል። ሁለተኛው ሪንግ ላይ። ሦስተኛው ድንጋይ የሚባለው «ስቶውን»፣ አራተኛው ብቻውን የሚባለው «አሎውን» ላይ። አሎውን ጫናው ሁለተኛው ላይ ስለሆነ ሙሉ ራይም ነው። ራሷ ናት ያጣራችው፣ ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች። የሚገርመው ሪቨርን አልጣለችውም። ሁለተኛው መስመር መሀል አስገብታዋለች፣ ከላይ ካለው ሲልቨር ትክክል ሥር። ለምን ስላት ጫፍ ላይ ካልሆነ ማንም አይከብበውም፣ ግን ይሰማል አለችኝ።

24ኛው መልስ ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው። አሌክሳንድሪያ ያለች እናት ልጇ ስለ ኦሬንጅ እንዲጽፍ ታዟል፣ የዌልሱን ተራራ አላየም፣ ምን ይበል ብላ ጠየቀች። የሚኒሶታው ወጣት ወዲያው 25ኛውን ጻፈ። የበር ማጠፊያ የሚባለውን «ዶር ሂንጅ» በፍጥነት አስብላው፣ ሁለቱ ቃል አንድ ይሁን አላት። አሁን ይህን ስጽፍ ልጄ የመኝታ ቤቷን በር ይዛ እየከፈተች እየዘጋች ነው። ኦሬንጅ፣ ዶር ሂንጅ ትላለች። ሀዋ እስክትጠፋ ድረስ እያፈጠነችው ነው።